ባጃጇ ያለችበት ፊልም

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ሰላይ አለ። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ፊልም ይወጣለታል። የሚሠራው ተዋናይ ይለወጣል፣ መኪናው ይለወጣል፣ ሴቶቹማ በየፊልሙ ይለወጣሉ፤ እሱ ግን ያው እሱ ነው። ሱፉን ለብሶ ይመጣል፣ ዓለምን ያድናል፣ ይሄዳል። እኛ ቤት በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ ሰላዩ ነው የምንለው። የዚህን ሰው ፊልም አንድም ሳያመልጠኝ አርባ ዓመቴን ልደፍን ነው። አብዛኞቹን መጀመሪያ ያወቅኋቸው ግን አይቼ ሳይሆን ተነግሮኝ ነው።

ዳንግላ ስናድግ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም ነበር። በር ላይ ቆሞ የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን የገባች ልጅ ገና ሳትወጣ ወሬዋ ቤቷ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አታውቅም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ገብቶ ያያል፣ እኔ እቤት ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ፊልም መንገር በሰፈራችን የታወቀ ነገር ነበር። ያየ ላላየ ይነግራል፣ ያላየ ያየውን ይለምናል፣ ሲነግር የሚያበላሽ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅም። ወንድሜን የሚስተካከለው አልነበረም። ወንድሜ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። ፊልሙን በዓይናቸው አይተው የወጡ ልጆች እንኳ እንደገና ከእሱ ለመስማት እኛ ቤት ይመጡ ነበር።

የሚነግረኝ በቆሎ እየፈለፈልን ነው። ወሬው ሲሞቅ እጁ ይቆማል፣ እናታችን ከጓዳ "እጅህስ?" ትለዋለች፣ ጥቂት ይፈለፍልና እንደገና ይቆማል። የመኪናው ሞተር በአፉ ይነሳል፣ ጥይቱ በአፉ ይተኮሳል፣ በሩ በአፉ ይንሿጠጣል። እኔ ስፈራ "አይዞሽ፣ አክተር አይሞትም" ይለኛል። አንድ ጊዜ ሰላዩ ከጠላቶቹ በፈረስ ሲያመልጥ ነገረኝ፤ የፈረሱን ኮቴ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ አሰማኝ። ዓመታት አልፈው፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ያንኑ ፊልም በኮምፒውተር ሳየው ፈረስ የለበትም። ሞተር ጀልባ ነው። ደውዬ "ለምን ዋሸኸኝ?" ብለው "ያን ጊዜ አንቺ ጀልባ መች ታውቂና! ፈረስ ነው የገባሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። ጀልባውን አይቼ ምንም አልተሰማኝም፤ ፈረሱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ልማዱ ትልልቅ ሰዎች ሆነንም አልቀረም። አዲሱ ፊልም በወጣ ቁጥር እሱ ቀድሞ ያያል፣ ይነግረኛል፣ ከዚያ ነው እኔ የማየው። ሌላው ሰው "መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ" እያለ ጆሮውን ይይዛል። እኔ መጨረሻውን ሳልሰማ አልከፍትም። ባሌ በሕይወት ሳለ "የናንተስ ጤና አይደለም" ይለን ነበር።

አሁን የምኖረው እንጅባራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር ይሏታል። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ማመልከቻ የምጽፍባት፣ ፊልምና ዘፈን የምጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት የአዊኛ ዘፈን ያስጭናሉ፣ የከተማው ጎረምሳ ፊልም ያስጭናል። ወንድሜ በዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ባጃጇ የራሱ ናት፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር በፈረቃ ይነዷታል። ተሳፋሪ ሲጭን ፊልም እየነገረ ነው የሚወስደው። መውረጃቸው ደርሶ "ቆይ እስቲ ይጨርስልን" ብለው ቁጭ የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ጓደኛው ይምላል።

አንድ ቀን ግምጃ ቤት ከተማ ሰው አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ከኋላው አንድ ትልቅ ነጭ መኪና መጣ። ጡሩንባውን ነፋበት። ወንድሜ ዳር ያዘ። ከዚያ ወዲያ ዳር የለም፣ ቦይ ነው። መኪናው ግን አልታገሠም፤ ጎኗን ገጭቷት አለፈ። ባጃጇ ከነወንድሜ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠች። መኪናው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ይህን የነገሩን ማሳቸው ውስጥ ድንች ሲኮተኩቱ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። በአዊኛ እየተጠራሩ ሮጠው መጥተው ብረቱን ከላዩ ያነሱለትም እነሱው ናቸው። በኋላ ፖሊስ መጥቶ "ታርጋውን አይተሃል?" ብሎ ጠየቀው። ፊቱን ጭቃ ውስጥ ደፍቶ የመኪና ታርጋ የሚያነብ ሰው የት አለ? ባሕር ዳር ድረስ ወሰድነው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ነጩ መኪና የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አንድም ሰው መጥቶ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ማውራት ተወ። ዲዳ ሆነ ማለቴ አይደለም። እንዴት አደርክ ሲሉት "ተመስገን" ይላል፣ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ሰው ሲመጣ "ኖር" ይላል። ነገር መንገር ነው የተወው። እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት አብረን ወደ ሱቅ እንመጣለን፣ ብርድ ስለሆነ ፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ይሞቃላ። የባጃጅ ተራ ልጆች መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ከበውት ይቀመጡ ነበር። እሱ ዝም ሲላቸው እየቀሩ ሄዱ፤ ጓደኛው ብቻ ቀረ። ልወቅሳቸው እፈልግና እተወዋለሁ። ዝም ከሚል ሰው ጋር መቀመጥ ከባድ ነው፤ እኔም የከበደኝ ቀን ብዙ ነው።

እግሩን የሚመልስለት እንደሌለ አውቃለሁ። የጸለይኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ፊልም እንዲነግረኝ። አንድ ብቻ ቢነግረኝ ወንድሜ ተመለሰ እል ነበር።

የሰላዩ አዲስ ፊልም መውጣቱን የሰማሁት እዚህ ላይ እንዳለሁ ነው። ኔትወርኩ እንደልብ ስላልሆነ ፊልም እኛ ጋ የሚደርሰው ሌላው ዓለም አውርቶ አውርቶ ከጨረሰው በኋላ ነው። ከባሕር ዳር በሃርድ ዲስክ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። እሱ ሲያመጣው ወሬው ቀድሞ ከተማው ውስጥ ተዳርሷል። ባጃጅ አለችበት! በአንድ ጊዜ የተራው ሾፌር ሁሉ ስልኩን እያወጣ ሱቄ ላይ ወረደ። የፊልሙን ስም የጠራ የለም፣ "ባጃጅ ያለችበትን ጫኚልኝ" ነው። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ሳይቀሩ "ያችን ባጃጅ ያለችበትን ለልጄ" አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰላዩ የሄደበት አገር ሁሉ የበረዶና የብርጭቆ ሕንፃ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እኛ የምንሳፈርበት ነገር አጠገብ አይቼው አላውቅም። ባጃጇ ምን እንደምትሆን ግን የነገረኝ የለም። ጠያቂም አይደለሁም፤ መንገር የወንድሜ ነው። ለሰው ስጭን እንኳ ስክሪኑን አላየሁም።

ጓደኛው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ገብቶ "ስማ እንጂ፣ እኔና አንተ ስንጠግናት የኖርነው ባጃጅ ፊልም ሠራች አሉ! ሳላይ ነው የቆየሁህ፣ አብረን እንየው" አለው። ጓደኛው ከወጣ በኋላ ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ "እታለም፣ ያችን ባጃጅ ያለችበትን እሑድ ክፈቺልኝ እስቲ" አለኝ። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የሆነ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ይህን ያህል ተስፋ በፊልም ላይ ማድረግ ሞኝነት ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

ፊልሙን በኋላ ራሴ አይቼዋለሁና ስለ እሱ የምለውን እዚሁ ብዬ ልገላገል። አልወደድኩትም። አዲሱ ተዋናይ ቆንጆ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምልክት የለም። የድሮዎቹ ሲመቱ ያማቸው ነበር፤ ይኼኛው ሲመታ ፀጉሩን ያስተካክላል። ታሪኩ የሚፈታው በስልክ ነው፤ ጫን ጫን ያደርገዋል፣ የፈለገው በር ይከፈትለታል። እኔ አንድ ፋይል ለመላክ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ የምቆም ሴት ነኝና ይህ ሳያናድደኝ አልቀረም። ደግሞ የድሃ አገር ሲያሳዩ ምስሉን ለምን ቢጫ እንደሚቀቡት የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሰማዩ ቢጫ፣ አቧራው ቢጫ፣ ሰዉ ቢጫ። የምኖረው ሳር ጣራ ላይ በሚበቅልበት ከተማ ነው፤ ድህነት ሁልጊዜ ቢጫ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዚያ አገር ሰው በሙሉ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ ሰላዩ ሲያልፍ ከመንገድ ዘሎ መሸሽ። ቲማቲም የሚሸጡት ቲማቲማቸው ይደፋል፣ ሻይ የሚጠጡት ጠረጴዛቸው ይሰበራል፣ ካሜራው አንዳቸውንም ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። የድሮዎቹም ፊልሞች እንዲህ ነበሩ መሰለኝ። እኔ ነኝ ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ከሰላዩ ጎን ተቀምጬ የማየው። አሁን የተደፋው ቲማቲም ላይ ነው ዓይኔ የሚቀረው። ይህ ሁሉ ዓመት ይህን ሰው መውደዴ ቆጨኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሱቁን ከውስጥ ዘጋነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወንድሜና ጓደኛው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እኔ ልማዴን ላለማፍረስ ጀርባዬን ሰጥቼ የፎቶ ኮፒውን ማሽን መወልወል ጀመርኩ። ሲያልቅ ይነግረኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ ሙዚቃው ተሰማ፤ ያው የድሮው ሙዚቃ ነው፣ ፊልሙን የሠሩትም ደፍረው አልለወጡትም። ወንድሜ በአፍንጫው አብሮ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። መወልወያውን ይዤ ፈዝዤ ቆምኩ። ጓደኛውም ሰምቶታል መሰለኝ፣ ትንፋሹን ዋጠ።

ፊልሙ ሄደ። ጥይቱ ይንጫጫል፣ ሴት ትስቃለች፣ ወንድሜ አልፎ አልፎ "ኤዲያ!" ይላል። ኤዲያ ማለቱ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ የሞተር ድምፅ መጣ። ያንን ድምፅ ፊቴን ባዞርም አውቀዋለሁ፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የባጃጅ ድምፅ ነው። ጓደኛው "መጣች! መጣች!" ብሎ ጭኑን መታ። ቀጥሎ የትልቅ መኪና ጡሩንባ፣ ቀጥሎ ብረት ከብረት ሲጋጭ። ጓደኛው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርሰው አቋረጠው።

"መልሺው" አለኝ ወንድሜ።

"ምኑን?"

"ዙሪና መልሺው፣ እታለም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ የሰላዩን አንድም ፊልም እሱ ሳይነግረኝ አይቼ አላውቅም። ዞርኩ። ወደ ኋላ መለስኩት። ሰላዩ በጥቁር መኪና አንድ ሰው ያሳድዳል። መንገዱ ጠባብ ነው። ፊት ለፊቱ አረንጓዴ ባጃጅ አለች፤ ሾፌሩ ቆብ ያደረገ፣ ጎልማሳ፣ የሆነ ነገር እያኘከ ለራሱ የሚስቅ ሰው ነው። ሰላዩ ጡሩንባውን ይነፋል። ባጃጇ ዳር ትይዛለች። መኪናው ጎኗን ይገጫታል፣ ባጃጇ ተሽከርክራ ቦይ ውስጥ ትገለበጣለች፣ ሰላዩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየት ያደርግና አንዲት ቀልድ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ሰው እንዲስቅ የተሠራ ቦታ ነው። ከተማው ሁሉ የሳቀበት ቦታ ይህ ነበር።

ጓደኛው ፊቱ ጠቆረ። "እኔ እኮ አላየሁትም ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ማንም አልነገረኝም" አለ። ማንንም አልተቆጣሁም፤ የምቆጣውን ሰው ያጣሁት ያኔ ነው። ልዘጋው እጄን ስሰድ ወንድሜ ያዘኝ።

"አትዝጊው። መልሺው። ቀስ አድርገሽ።"

"ይቅርብህ ወንድም ጋሼ። በእግዜር።"

"መልሺው አልኩሽ።"

መለስኩት። እንደገና መለስኩት። እጁ እጄ ላይ ነበር። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ ልክ የተበላሸ ሞተር እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነው የሚያየው። ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ "አቁሚው" አለ። አቆምኩት። "ትንሽ ወደ ፊት። በቃ።"

ባጃጇ በጎማዋ ጫፍ ቆማለች፣ ለመገልበጥ ትንሽ ይቀራታል። ውስጧ ወለል ብሎ ይታያል።

"ሰው የለባትም" አለ ወንድሜ።

ጓደኛው ተጠጋ። "እንዴት የለባትም? አሁን ሲያኝክ የነበረው ሰውዬስ?"

"ቅድም ነበር። ሲገጫት ግን የለም። መሪውን እየው፣ በገመድ ታስሯል።"

እኔም አየሁት። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ቆቡም ሰውየውም የሉም፤ መሪው እንዳይዞር በቀጭን ገመድ ከብረቱ ጋር ታስሯል። በፍጥነት ሲያልፍ ማንም ልብ አይለውም። ስንቱ ሾፌር ስልኩ ላይ አይቶት አላስተዋለውም።

ጓደኛው "ነዋ፣ ሰው እንዳይጎዳ ነዋ" አለ። እንዳለው ተጸጸተና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለቁጣ ተዘጋጅቼም ነበር፣ አብሬው ልሳደብ። ቁጣ አልነበረበትም። በሰው ዕድል የቀና ሰው ድምፅ ነበር።

"አየሽ?" አለኝ። "ለሳቅ ብለው ሲገለብጧት እንኳ ሰውየውን አውርደውታል።"

ከዚያ ክራንቹን ስቦ ተነሳና በሩን ከፍቶ በረንዳው ላይ ወጣ። ከዚያ ፊልም የነገረኝ ይህችን ብቻ ነው።